በኒው ዮርክ ካባሬ መዝፈንና ሂስ መጻፍ

በኒው ዮርክ የካባሬ ቤቶች፣ ማለትም ታዳሚ ጠረጴዛ ይዞ እየተመገበና እየጠጣ ዘፈን በሚሰማባቸው ትንንሽ የምሽት ቤቶች፣ መዝፈን የጀመርኩት ስለ እነሱ ሂስ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም መያዙ ተገቢ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ አብሮኝ የሠራን ሰው ዝግጅት አልገመግምም። ይሁን እንጂ መድረክ ላይ መቆሜ ጆሮዬን እንዳሠለጠነው አምናለሁ።

ካባሬ ከኮንሰርት አዳራሽ የሚለየው በቅርበቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በምዕራብ 46ኛ መንገድ በተከፈተው «ዶንት ቴል ማማ» ወይም በግሪንዊች ቪሌጅ በሚገኘው «ዱፕሌክስ» ዘፋኙ ከፊተኛው ጠረጴዛ የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጅበውም አንድ ፒያኖ ብቻ ነው። ስለዚህ ታዳሚው ከድምፁ ይልቅ ቃሉን ያዳምጣል። ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ገብቶ፣ ከታዳሚ ግጥም እየተቀበለ በማሲንቆ የሚያዜም አዝማሪ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የዚህ ጥበብ ሰዎች ሜብል ሜርሰርን ደጋግመው ያነሳሉ። እንግሊዝ ተወልዳ፣ ፓሪስ ዘፍና፣ በመጨረሻ አሜሪካ የከተመችው ይህች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትዘፍን ነበር፤ ታዋቂው አሜሪካዊ ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራም የግጥም ሐረግ አከፋፈልን ከእሷ መማሩን ተናግሯል። ዕድሜ ድምፅዋን ካደከመው በኋላ እንኳ ሰው ሊሰማት ይመጣ ነበር።

እኔም ቃሉ ከድምፁ እንደሚቀድም የገባኝ በልምምድ ነው። አንድ የትዝታ ዘፈን ስናዘጋጅ ፒያኒስቱ የአማርኛው ሐረግ ሳያልቅ ቀጣዩን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) ይመታ ነበር። ዜማውን ትቼ ግጥሙን እንደ ተራ ንግግር ደጋግሜ አሰማሁት፤ እሱም የምተነፍስበትን ቦታ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ወዲያ ቋንቋውን ባይሰማም ጣቱን አንስቶ ይጠብቀኝ ጀመር። ዛሬ የሌላ ዘፋኝ ዝግጅት ስሰማ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ መጠባበቅ ነው፤ ከፍ ያለ ድምፅ ማውጣት የሚችልማ ብዙ ነው።

ለስደተኛ የዚህን ሙያ ታሪክ ማንበብ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ በኒው ዮርክ መጠጥ በሚሸጥበት የምሽት ክበብ ለመሥራት ፖሊስ የሚሰጠው የካባሬ ካርድ ያስፈልግ ነበር። የጃዝ ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ በ1947 በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ከተፈረደባት በኋላ ካርዷን ተነጠቀች፤ በ1948 ትልቁን የኮንሰርት አዳራሽ ካርኔጊን የሞላች ዘፋኝ በትንሽ ክበብ መዝፈን አልተፈቀደላትም። የጃዝ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክም በ1951 ካርዱን አጥቶ ለዓመታት ከከተማው ክበቦች ርቋል። የሥራ ፈቃድ ወረቀት እየጠበቀ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዛሬ ካርዱ የለም፤ ወጪው ግን አለ። ብዙውን ጊዜ ፒያኒስቱንና ልምምዱን የሚከፍለው ዘፋኙ ራሱ ነው፤ ታዳሚውም ከመግቢያው ሌላ የተወሰነ ምግብና መጠጥ የማዘዝ ግዴታ አለበት። ይህን ስለማውቅ ግን አዝኜ አላሞግስም፤ ያልበሰለን ዝግጅት በስሏል ብሎ መጻፍ ትኬት የሚቆርጠውንም፣ መሻሻል የሚችለውን ዘፋኝም መበደል ነው። የትኛው ዘፈን ለምን ከየትኛው ቀጥሎ እንደመጣ፣ በዘፈኖቹ መካከል የተነገረው ወሬ ከልብ የወጣ ወይስ የተሸመደደ መሆኑን፣ ፒያኖው የት እንደረዳና የት እንደተጫነ ለይቼ እጽፋለሁ። የፒያኒስቱን ስም ሳልጠቅስ ያወጣሁት ሂስ የለም።