ለሲሞኖቭ የሚሆን ግራሶ ጅማ ላይ ስፈልግ

ጥይቱ ከሸፈብኝ። ሐምሌ ነው፤ ፈቃድ ወስደን ለተኩስ ልምምድ የወጣንበት ቀን። ቃታውን ስስበው “ቀጭ” አለና ዝም አለ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳላነሳ እስከ 30 ቆጠርኩ። ከዚያ ጥይቱን አውጥቼ ቂጡን አየሁት። ጥይቱን መትቶ የሚያስነሳው መርፌ ነካ አድርጎታል እንጂ አልመታውም። ጥይቱ አሮጌ አይደለም። ሲሞኖቭ ጠመንጃውንም ከሦስት ቀን በፊት በገዛ እጄ ወልውዬ፣ ግራሶ ጠግቦ እንዲውል አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ጥፋቱ ያለው እዚያው ላይ ነበር።

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሁለት ሲሞኖቭና አንድ ክላሽ አሉን፤ ሦስቱም ፈቃድ ያላቸው ናቸው። እነሱን መንከባከብ የኔ ሥራ ነው። የጅማን ዝናብ የማያውቅ የለም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ዝገት ስለምፈራ ከሰፈራችን ጋራዥ የመኪና ግራሶ በቆርቆሮ ገዛሁ። “በበዛ ቁጥር ይጠብቃል” ብዬ ውስጡንም ውጪውንም ለቀለቅኩት።

ማታ ተመልሼ ጋዜጣ ዘርግቼ ፈታሁት። ጥይት ማደሪያውን ከኋላ የሚዘጋው መቀርቀሪያ ላይ የነበረው ግራሶ ቀለሙ ተቀይሯል። ስገዛው ቢጫ ነበር፤ አሁን የቡና አተላ መስሏል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል አሸት አሸት ሳደርገው እንደ አሸዋ ቆረቆረኝ። የጀንፈል ብናኝ ነው። መፈልፈያው ሲሠራ ገለባው ይቦናል፤ ዓይን አያየውም እንጂ በሁሉ ነገር ላይ ያርፋል። ደረቅ ብረት ላይ ቢያርፍ በጨርቅ ይነሳል። ግራሶ ላይ ሲያርፍ ግን ተጣብቆ ይቀርና ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ከሁሉ የከፋው መርፌው ያለበት ቀዳዳ ነበር። በአብዛኞቹ ሲሞኖቭ ላይ መርፌው መላሽ ስፕሪንግ የለውም። መቀርቀሪያውን ስትነቀንቀው ውስጡ ወዲያ ወዲህ እያለ ሊንኳኳ ይገባል። የኔው ድምፅ የለውም፤ ግራሶው ይዞታል። እኔን የገጠመኝ መክሸፍ ነው። መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ቢጣበቅ ኖሮ ግን መቀርቀሪያው ሲዘጋ ጠመንጃው ቃታ ሳይሳብ ይተኩስ ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ሄድኩ። ወታደር ነበሩ፤ መሣሪያ ያውቃሉ።

“ጋሼ፣ የትኛውን ግራሶ ልግዛ?”

“እሱን በኋላ እነግርሃለሁ ልጄ። አንተ መጀመሪያ የት የት እንደምትቀባው ንገረኝ።”

“ሁሉንም ነዋ!”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ብረት በብረት ላይ የሚንሸራተትበት ቦታ ግራሶ። የሚዞር ፒን አንዲት ጠብታ ዘይት። ጥይቱ የሚያድርበትና የሚያልፍበት ደረቅ።”

ከዚያ ስለ ግራሶ ያስረዱኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግራሶ ማለት ሳሙና የያዘው ዘይት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ዘይት ነው፤ ሳሙናው እንደ ስፖንጅ ይይዘውና ሲሻሽ ጥቂት ጥቂት ይለቃል። ሳሙናው ከሊትየም ሊሠራ ይችላል፤ ከካልሲየምም። ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር ውፍረቱን ይናገራል። ከ000 ይጀምርና 6 ላይ ያበቃል። መኪና ላይ የለመድነው 2 ቁጥር እንደ ለውዝ ቅቤ ነው። 0 ቁጥር እንደ ሰናፍጭ ይላላል።

እኔ ግን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ከብየዳ ቤት አራት የብረት ቁራጭ ለምኜ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳኋቸው። አንዱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አንዱን የምግብ ዘይት፣ አንዱን 2 ቁጥር የሊትየም ግራሶ፣ አንዱን የካልሲየም ግራሶ በስሱ ቀባኋቸው። መጋዘኑ ክዳን ጠርዝ ሥር፣ ዝናቡ በሚረጨው ቦታ በሽቦ አንጠለጠልኳቸው። ነሐሴን ሙሉ እዚያው ዋሉ፣ አደሩ።

የተቃጠለ ዘይት የቀባሁት በሁለተኛው ሳምንት ዝገት አወጣ። ያ ዘይት ሞተር ውስጥ ሲነድ አሲድና የብረት ደቃቅ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሰው ግን “በነፃ ይገኛል” ብሎ ይቀባዋል። የምግብ ዘይቱ ቢጫ ሙጫ ሆኖ ደረቀ፣ በጥፍር እንኳ አልለቅ አለኝ። የሊትየሙ ደህና ነው፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ሁለት የዝገት ነጥብ አገኘሁ። የካልሲየሙ ንፁህ ነው። ውሃው ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል።

ታዲያ ካልሲየሙን ለምን አልመረጥኩም? ተራው የካልሲየም ግራሶ ሙቀት አይወድም፤ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀልጣል። ሊትየሙ የሚቀልጠው 180 አካባቢ ሲደርስ ነው። ሲተኮስ ደግሞ መሣሪያው ይግላል። ስለዚህ መቀርቀሪያው ለሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች ሊትየሙን ያዝኩ። ካልሲየሙ ለመጋዘኑ በር ማጠፊያ ሆነ፣ እዚያ ላይ አንደኛ ነው። ሁለቱን ግን አንድ ላይ አልቀላቅልም። ሳሙናቸው ላይስማማ ይችላል፤ ያኔ ግራሶው ይላላና ዘይቱን ይለቃል። አንዱን ትቼ ሌላውን ስይዝ የድሮውን ሙልጭ አድርጌ አጥባለሁ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ካዝናውን አራግፋለሁ፣ ጥይት ማደሪያውን በዓይኔም በጣቴም አያለሁ። መቀርቀሪያውን በናፍጣና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ። በሐዲዱ በእያንዳንዱ ጎን የስንዴ ፍሬ የምታክል ግራሶ አኖርና ብረቱ ከሥር እስኪታይ በጣቴ አሸዋለሁ። ትንሽ ይመስላል፤ ይበቃል። የተኩሱ ጋዝ የሚገፋውን ፒስተን ደረቅ እተወዋለሁ፤ እዚያ የተቀባ ነገር ከጭሱ ጋር ጠላሸት ሆኖ ይጋገራል። ጥይቱ የሚወጣበትን ቱቦ ለማስቀመጫ ቀጭን ዘይት እቀባዋለሁ፣ ከመተኮስ በፊት ግን በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ እወለውላለሁ።

ስለ አሮጌ ጥይት አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች ብዙዎቹ ሲተኮሱ ጨው የሚተው ካፕሱል (መርፌው ሲመታው የሚነደው፣ ጥይቱ ቂጥ ላይ ያለው) አላቸው። ጨው በዘይት አይሟሟም። በዚያ ጥይት ከተተኮሰ ቱቦውን መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ጅማ ላይ ይህን ለነገ ያሳደረ ሰው ጠዋት በዝገት የቀላ ጨርቅ ነው ከቱቦው የሚያወጣው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረቃ ከመቀየራችን በፊት ልጆቹን እሰበስባለሁ። እያንዳንዱ መቀርቀሪያውን ጆሮው ሥር ይዞ ይነቀንቃል። መርፌው ከተንኳኳ ይገጥማል። ካልተንኳኳ ያ ጠመንጃ ታጥቦ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ለማንም አይሰጥም።