የኦናጋዋ ባቡር ጣቢያ እና የኛ አጣዬ

ጃፓን ውስጥ ሚያጊ በሚባለው ክፍለ ሀገር ኦናጋዋ ምትባል ትንሽ የአሳ አጥማጆች ከተማ አለች፣ የባቡሩ መጨረሻ ናት፣ ከዛ ወዲያ ባህር ነው። በፈረንጆቹ ማርች 11 ቀን 2011 ሱናሚው ሲመጣ ከተማዋን ጠራርጎ ወሰዳት፣ 10 ሺህ ገደማ ከነበረው ህዝብ ከ800 በላይ ሰው አለቀ፣ ጣቢያውም አብሮ ሄደ።

ማርች 2015 ላይ ጣቢያው እንደገና ተከፈተ፣ ከድሮው ቦታ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አፈር ተሞልቶ ከፍ በተደረገ መሬት ላይ። የነደፈው ሺገሩ ባን ነው፣ ያ በካርቶን ቱቦ ለተፈናቃዮች መጠለያ እየሰራ የታወቀው አርክቴክት። ጣሪያው ክንፏን የዘረጋች የባህር ወፍ ይመስላል። ፎቁ ላይ ደግሞ ምን አለ መሰላችሁ፣ ፍልውሃ! ከባቡር ወርደህ ደረጃ ወጥተህ ገላህን ትታጠባለህ፣ ደጁ ላይ ደሞ በነፃ እግር መንከሪያ አለ፣ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቁጭ ብሎ ያወራል። ደብረብርሃን መነኸሪያ በህዳር ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ መኪና እስኪሞላ የጠበቀ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ይገባዋል። ከጣቢያው በር ጀምሮ በሱቆች መሀል ቀጥ ብሎ ወደ ባህሩ ሚወርድ የእግር መንገድ አለ። ባህሩን በትልቅ ግንብ ከመጋረድ መሬቱን ከፍ ማድረግ ነው የመረጡት፣ ባህሩ ያን ሁሉ ሰው ወስዶባቸውም ማለት ነው።

ግን ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። ከአደጋው በኋላ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ከ60 ዓመት በላይ የሆንን አፋችንን እንሰብስብ፣ ግንባታው 10 ዓመት ይፈጃል፣ ውጤቱ እስኪታይ 20 ዓመት፣ ያኔ ሚኖርባት ወጣቱ ስለሆነ እሱ ይወስን እኛ ከኋላ እንደግፈው ብለው ተስማሙ። በዛው ዓመት ከንቲባ የሆነው ዮሺያኪ ሱዳም ገና 39 ዓመቱ ነበር። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሳይናገር ልጅ አይናገርም ተብለን ነው ያደግነው፣ እኔ ሽማግሌ ይናቅ እያልኩ አይደለም፣ ያለነሱ ማን ያስታርቀናል፣ ግን ራሳቸው ፈቅደው ተነስተው ቦታውን ሲለቁለት ያ ነው ትልቅነት።

ይሄን ሁሉ ምፅፈው አጣዬን እያሰብኩ ነው። በሚያዝያ 2013 ከተማዋ ስትቃጠል ሱናሚ አልነበረም የሰው እጅ ነው፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ቤቱን አመድ ሆኖ ላገኘ ሰው ግን ከየት ልጀምር ሚለው ጥያቄ ያው ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሀዲድም በዛው በኛ ቆላ በኩል ነው ሚያልፈው። አንድ ቀን ባቡሩ በደንብ ስራ ሲጀምር ጣቢያዎቹ ዙሪያ ምን ይሁን ተብለው የአጣዬ፣ የካራቆሬና የሸዋሮቢት ወጣቶች ይጠየቁ፣ ትልልቆቹም አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይስሟቸው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ጥላ ነው ምለው፣ የቆላውን ፀሀይ ታውቁታላችሁ፣ ከዛ እናቶች ማሾና ሽንኩርታቸውን ይዘው መንገደኛው በር ላይ ሚሸጡበት ንፁህ ቦታ፣ ከዛ ሻይ ቤት።