ለጨዋታ ነፃ ሥዕል የምትሰበስቡ፣ ከፈቃዱ በፊት ምንጩን ጠይቁ

ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆኑ ሥዕሎችን በነፃ ፈቃድ፣ ማለትም ማንም እንዲጠቀምባቸውና እንዲያጋራቸው በመፍቀድ፣ የሚያበረክት ማኅበረሰብ ለማቋቋም ለምታስቡ፣ እኔ ስጀምር ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ሰው ማሰባሰቡ አያስቸግርም። ሠዓሊው ሥራው በጨዋታ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ማየት ይፈልጋል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ደግሞ ሥዕል ይቸግረዋል። ሁለቱን አገናኙና የጋራ መለኪያ ስጧቸው። እኛ 32 በ32 ፒክስል መረጥን። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ዝግጁ የነፃ ፈቃድ ጽሑፎችን የሚያወጣው ክሬቲቭ ኮመንስ፣ ለነፃ ሶፍትዌር የሚሟገተው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንና ነፃ የጨዋታ ሥዕል የሚጋራበት ድረ ገጽ ኦፕንጌምአርት ባዘጋጁት የሊበሬትድ ፒክስል ካፕ ውድድር የብዙ እጅ ሥራ እርስ በርሱ የገጠመው፣ መጠኑና የዕይታው ማዕዘን አስቀድሞ በመመሪያ ስለተወሰነ ነው።

ያንገበገበኝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ አባል የዛፍ፣ የድንጋይና የግንብ ሥዕሎች አበረከተ፤ ፈቃዱም በደንብ ተጽፎበታል። ሌሎች ሠዓሊዎች በላዩ ሠሩበት፤ አንዷ ግንቡን የፈረሰ አስመስላ ሣለችው፣ ሌላው ለዛፎቹ አበባ ጨመረላቸው። በኋላ ሥዕሎቹ ከአንድ ለሽያጭ ከቀረበ ጨዋታ ተወስደው ቀለማቸው ብቻ የተቀየረ መሆናቸው ታወቀ። ሰውየው ሲጠየቅ «ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት፤ የባለቤት ስም የለበትም» አለ። ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ባለቤት የለውም ያለው ማን ነው? የቅጂ መብት ሥራው ከተፈጠረበት ቅጽበት ጀምሮ ያለ ምዝገባ የሚጸና ነው። መብቱ የሌለው ሰው የሰጠው ፈቃድ ደግሞ ከባዶ ወረቀት አይለይም፤ በላዩ የተሠራውንም ይዞ ይወድቃል። አበባውም፣ የፈረሰው ግንብም አብረው ተነሱ።

ፋይሎቻችንን የሚያስቀምጥልን ድርጅት አቤቱታው ሲደርሰው መላውን ክምችት ዘጋው። የትኞቹ ፋይሎች እንደሆኑ ብንጠይቅ፣ ብንደጋግም፣ የሚመጣው ያው አስቀድሞ የተዘጋጀ ደብዳቤ ነበር። የራሳቸውን ሥራ በንጹሕ እጅ የሰጡ ሰዎች ሥዕላቸውን ማውረድ ተከለከሉ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን የመጨረሻውን ምስል ብቻ ይዞ የመጣን አንቀበልም። ንብርብሮቹ (ሥዕሉ ደረጃ በደረጃ የተሠራባቸው ተደራራቢ ገጾች) ያልተዋሐዱበትን የሥራ ፋይል እንጠይቃለን፤ ሰርቆ የመጣ ይህን ማቅረብ ይቸግረዋል። ከሌላ ሥዕል የተወሰደ ነገር ካለ፣ ከማን እንደተወሰደና የፈቃዱ እትም (ቨርዥን) ስንተኛ እንደሆነ በዚያው ቀን ይመዘገባል።

ክሬቲቭ ኮመንስ ስድስት ፈቃዶችንና ሠዓሊው መብቱን ሁሉ የሚተውበትን ሲሲ ዜሮን ያቀርባል፤ ሠዓሊው የወደደውን ይምረጥ የሚሉም አሉ። አልስማማም። ሲሲ ዜሮን፣ የሠዓሊው ስም ይጠቀስ ብቻ የሚለውን ሲሲ ባይንና በዚያ ላይ የተለወጠውም ሥራ በዚያው ፈቃድ ይሰጥ የሚለውን ሲሲ ባይ ኤስኤን ብቻ ተቀበሉ። ንግድን የሚከለክለው ፈቃድ ጨዋታውን በትንሽ ገንዘብ ሊሸጥ የሚፈልገውን ሰው ያባርራል፤ ለውጥን የሚከለክለው ደግሞ የተስተካከለ ሥዕል ለሌላው እንዳይተላለፍ ያግዳል። የሲሲ ባይና የሲሲ ባይ ኤስኤ እትም 4.0 ይሁን። በ3.0 የሠዓሊውን ስም ሳይጠቅስ የቀረ ሰው መብቱ ወዲያው ይቋረጥበታል፤ በ4.0 ግን ጥፋቱን ካወቀ በ30 ቀን ውስጥ ካረመ መብቱ በራሱ ይመለስለታል። ፈቃዱ ስም በማንኛውም ተገቢ መንገድ ቢጠቀስ ይበቃል ይላል። እኔ ግን ከእያንዳንዱ ጥቅል ጋር የሠዓሊዎቹን ስም የያዘ የጽሑፍ ፋይል እንዲኖር አስገድዳለሁ፤ ስም በሌላ ገጽ ብቻ ሲቀመጥ ሥዕሉ ሲገለበጥ ይጠፋል።

ግንቡን ያፈረሰችው ሠዓሊ ሙሉውን ከባዶ ጀምራ እንደገና ሣለችው፤ በእርሷ እኮራለሁ። ያ አባል ተመልሶ ለመግባት ጠይቆ ነበር፤ ይቅርታ ይደረግለት ያሉም ነበሩ። እኔ እምቢ ብያለሁ፤ አሁንም እምቢ ነው።