ከአያታችን አጠገብ የቆመው ሰው ማን ነው?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ! ቤተሰብ መሀል ሆናችሁ ለምታከብሩት፣ ተረኛ ሆናችሁ ሥራ ቦታ ለምትውሉት፣ በስልክ ድምፅ ብቻ ለምትገናኙት፣ ዘንድሮ አንድ ሰው ጎድሎባችሁ በዓሉ ለከበዳችሁም ጭምር፣ ሰላምና ጤና ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ላይ ብሰናበት ደንቡ ነበር። ግን በዓል በመጣ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለና ጥቂት ላስቸግራችሁ።

ነገሩ የአሮጌ ፎቶ ነገር ነው። በየቤቱ አንድ ካርቶን፣ አንድ አልበም ወይም አንድ ጠርዙ የተበላ ፖስታ አይጠፋም። ውስጡ ሰዎች አሉ፤ ተሰልፈው፣ ቀጥ ብለው፣ ልብሳቸውን አስተካክለው ካሜራውን ያያሉ። ግማሾቹን እናውቃቸዋለን። ስለ ቀሩት «የአያታችሁ ወገኖች ናቸው፤ ይሄኛው እንኳን ጎረቤት ነበር» የሚለን አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ያለፈ ዕለት ፎቶው ምንም ሳይሆን፣ ጥርት እንዳለ፣ ባለቤት ያጣል። ስለ መደብዘዝና ስለ መቀደድ ብዙ እንጨነቃለን፤ እኔ ግን ከመደብዘዝ ይልቅ ስም ማጣት ያጠፋው ፎቶ ይበልጣል ባይ ነኝ። የደበዘዘውን ዛሬ ኮምፒውተር ያጠራዋል (አንዳንዴም ከመጠን አልፎ፣ ያልነበረ ዓይንና ያልነበረ ፈገግታ ጨምሮ ያወጣዋል፤ ስለዚህ «ታድሷል» የተባለውን ቅጂ ስታዩ ዋናውን እንዳትጥሉ)። ከአያታችን አጠገብ የቆመው ሰው ማን እንደነበር ግን የሚያውቀው ካልነገረን የምናገኝበት የለም።

በዓል ደግሞ እነዚህን ስሞች የሚያውቁ ሰዎች አንድ ቤት የሚሰበሰቡበት ቀን ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የማነሣባችሁ።

የቃል ታሪክን በማጥናት ስሙ የሚነሣው ቤልጅጋዊው የታሪክ ምሁር ያን ቫንሲና ያስተዋለው ነገር አለ። ሰዎች ስለ ዘራቸው ሲተርኩ ወሬው የሚበዛው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ቅርቡ ዘመን፣ የወላጆችና የአያቶች ዘመን ነው። ሌላው የሩቁ ነው፤ የመጀመሪያው አባት ከየት መጣ፣ ማንን ድል አደረገ የሚለው። መሀሉ ግን ባዶ ይሆናል፤ ቢበዛ ጥቂት ስሞች ብቻ ይቀሩበታል። ትውልድ በተተካ ቁጥር ያ ባዶ ቦታም አብሮ ወደ እኛ ይጠጋል። ዛሬ ሳቃቸውን፣ አካሄዳቸውን፣ ቁጣቸውን ሳይቀር የምናስታውሳቸው ሰዎች ለልጅ ልጆቻችን እዚያ ባዶ ውስጥ የሚገቡት እነሱ ናቸው።

የዘር ሐረግ ፍለጋ የጀመረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ መሮጥ ይወዳል፤ በተለይ ጫፉ ላይ አንድ ባለ ማዕረግ ወይም አንድ ጀግና እንዳለ ከሰማ። ስሌቱን እንየው። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ በየትውልዱ በእጥፍ ሲወጣ አሥረኛው ላይ 1,024 ሰው ይደርሳል። ሠላሳኛው ላይ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። በዚያ ዘመን በምድር ላይ ያን ያህል ሰው ስላልነበረ አንዱ ሰው በብዙ መስመር እየተደጋገመ አያታችን ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ከ1,024 ሰዎች መካከል አንድ ባለ ማዕረግ ቢገኝ ምን ይገርማል? ስለ ቀሩት 1,023 አንዲት ነገር አለማወቃችን ይልቅ ይገርመኛል። ግማሾቹ ሴቶች ናቸው፤ ቆጠራው የአባትን መስመር ይዞ ስለሚወጣ እነሱ በየመንገዱ ይቀራሉ። ራሳችሁን ፈትኑ፦ የእናታችሁ እናት እናት ማን ትባል ነበር? ካላወቃችሁ ፍለጋችሁን ከእሷ ጀምሩ። ማንዘራሻችን የትም አይሄድም፤ ብዙ ዘመን የቆየ ነው፣ ጥቂት ይጠብቀናል።

ጥያቄ አጠያየቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩን» ብሎ የሚነሣ ሰው አዛውንቱን ያስደነግጣል። ጉሮሯቸውን ጠርገው የት እንደተወለዱ ይናገሩና «እንግዲህ ምን ተዓምር አለው ብላችሁ ነው» ብለው ይዘጉታል። ፎቶውን እፊታቸው ብታስቀምጡ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። መነጽር ይፈለጋል፣ ፎቶው ወደ ብርሃን ይዞራል፣ «ይቺ እኮ…» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የእናንተ ሥራ ትንንሹን ነገር መጠየቅ ነው። ማን ከማን ጋር ይተኛ ነበር? ትምህርት ቤት በየት በኩል ነበር የምትሄዱት? ማንን ትፈሩ ነበር? በመጀመሪያው ደመወዝዎ ምን ገዙ? ኮቱ የራሱ ነው ወይስ ተውሶ? ትልቁ ታሪክ በእነዚህ ቀዳዳዎች ሾልኮ ይመጣል።

ሲናገሩ ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ አታርሙ። ዝም ሲሉም ዝምታውን በሌላ ጥያቄ ለመሙላት አትጣደፉ፤ ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል። በስልካችሁ መቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልኩንም ጥሪ እንዳይቀበል አድርጉና ከአጠገባቸው አኑሩት። ቅጂው መጀመሪያ ላይ ማን እየተናገረ እንደሆነ፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ተናገሩ፤ ያለዚያ ነገ እሱም እንደ ፎቶው ስም አልባ ይሆናል። ረጅምም አታድርጉት። በ2003 (ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ ሁሉም እንደ ፈረንጆች ነው) ኒው ዮርክ በሚገኘው ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ የተጀመረው ስቶሪኮርፕስ የተባለ ድርጅት የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች፣ ለምሳሌ አያትና የልጅ ልጅ፣ ትንሽ ክፍል ገብተው 40 ደቂቃ ያህል ይነጋገራሉ። ቅጂውም በአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ጋዜጠኛ የማይጠይቀውን ልጅ ይጠይቃል፤ ለጋዜጠኛ የማይነገረውም ለልጅ ይነገራል።

አንድ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ለስም ለስም፣ ሰብሰብ ያለ ሰው ጥሩ ነው፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሣል፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ግን ሰው መሀል አይወጣም። እሱን ሌላ ቀን፣ ለብቻ፣ ሳትቸኩሉ።

ታሪኮቹ መጋጨታቸው አይቀርም። አንዷ አክስት «ተጣልቶ ነው ከቤት የወጣው» ትላለች፤ ሌላዋ «ሥራ ፍለጋ ነው እንጂ» ትላለች። እኛ ታናናሾች እዚህ ላይ ዳኛ መሆን ያምረናል። ሁለቱንም ከተናጋሪዋ ስም ጋር ጻፉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እንዳሳየው ሰው ትዝታውን ከመጋዘን እንደ ዕቃ አያወጣም፤ ባስታወሰ ቁጥር እንደገና ይገነባዋል። ስለዚህ ሁለቱም አክስቶች ሳይዋሹ ሊለያዩ ይችላሉ። ምናልባት ነገ አንድ የቆየ ደብዳቤ ወይም የሥራ ቅጥር ወረቀት ይገኝና ይለይለታል። ወረቀቱ ላይ ቀን ስታዩ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትመዝግቡ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ልጅን ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ሊያስወልድ ይችላል፤ ከዚያ ቤተሰቡን ማስታረቅ የእናንተ ዕዳ ነው።

ለልጆች ምን ይጠቅማል ለምትሉኝ፣ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ ተመራማሪዎች 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ነበር፤ ወላጆችህ የት ተዋወቁ? ስምህ እንዴት ወጣ? የሚሉ ዓይነት። ብዙውን መመለስ የቻሉት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት የተሻለ፣ ሕይወታቸው በእጃቸው እንዳለ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ። ይህን ሰምቶ ለልጁ የትውልድ ዝርዝር አሸምድዶ የሚያስጠና ወላጅ እንደማይጠፋ ስለገባው ይመስለኛል፣ ዱክ ራሱ ጥቅሙ ከመልሶቹ እንደማይመጣ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ልጆቹ መልሱን ያወቁት አብሮ የሚቀመጥ፣ የሚያወራ ቤተሰብ ስላላቸው ነው። ከሚነገሩት ታሪኮችም የሚያጸናው ውጣ ውረድ ያለበት ነው። ሁልጊዜ ስለ ማሸነፍ ብቻ የሚሰማ ልጅ እሱ ሲወድቅ የማን ዘር እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ኪሳራውን፣ ከትምህርት መባረሩን፣ ሳይሆን የቀረውን ጋብቻም ንገሩት።

ስለ ፎቶው አያያዝ ባጭሩ ልበል። ከጀርባው ስም ስትጽፉ በእስክርቢቶ አይሁን፤ ተጭኖ ፊቱ ላይ ምልክት ይተዋል፣ ቀለሙም ይሰርጋል። ለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዝ አካባቢ፣ ቀለል አድርጎ። ጀርባው ፕላስቲክ የመሰለና እርሳስ የማይዝ ከሆነ በማስቀመጫው ወረቀት ላይ ጻፉ። የሚያጣብቅ ገጽ ያላቸው አልበሞች የፎቶ ጠላት ናቸው፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆንና ፎቶውን አለቅም ይላል። በኃይል አትላጡት። የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብቶ በቀስታ እንደ መጋዝ ማመላለስ ብዙውን ጊዜ ይለየዋል። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን ግን አትንኩት፤ በመስታወቱ ላይ እንዳለ ቅጂ አንሡለት። ጥቁርና ነጭ ፎቶ በብር የተሠራ ስለሆነ በደንብ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ባለ ቀለም ፎቶዎች ግን ሳጥን ውስጥ ተዘግተው እንኳ ሰማያዊ ድምቀታቸው ቀድሞ ስለሚጠፋ ወደ ቀይ ያደላሉ። ቅድሚያ ለእነሱ ስጡ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን፤ ዋናው ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ስካነር ያለው ሰው በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ያንሣ፤ የሌለው በስልክ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ጀርባውንም አንሡ! የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ቀን፣ «ለማስታወሻ ይሁንህ» የሚል ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል።

ቅጂውም አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ። በሰኔ 1922 ደብሊን ውስጥ በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ የአየርላንድ የሕዝብ መዛግብት ቤት ተቃጥሎ የዘመናት ሰነድ አመድ ሆነ። ከመቶ ዓመት በኋላ ከፊሉን መልሰው መሰብሰብ የቻሉት ቀድሞ የተገለበጡ ቅጂዎች በሌሎች ቤተ መዛግብት ስለተገኙ ነው። ፎቶ አንሺዎች የሚመክሩት ቀመር ቀላል ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። በ2011 ጃፓንን ሱናሚ ከመታ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ከጭቃ ውስጥ ፎቶ እየለቀሙ፣ አንድ በአንድ እያጠቡ ለባለቤቶቹ ሲመልሱ ነበር። ቤቱን ያጣ ሰው ፎቶ ፍለጋ ተሰልፎ ማየት ይህ ነገር ለሰው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል።

ያገኛችሁትን ሁሉ ግን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትዘርግፉት። በሕይወት ያለ ሰው ፎቶውም ታሪኩም የራሱ ነው፤ ይጠየቅ። የዲኤንኤ ምርመራ ለማድረግ ያሰባችሁም፣ ውጤቱ የሚገልጠው የእናንተን ብቻ እንዳልሆነ አስቡበት። ያልታወቀ ወንድም ወይም ያልተጠበቀ አባት ሲወጣ ዜናውን የሚሸከሙት ሌሎችም ናቸው።

እንግዲህ ዛሬም ፎቶ መነሣታችሁ አይቀርም። ስልካችን ውስጥ ያለው ክምር ከአያቶቻችን ካርቶን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስም የተጻፈበት ግን የለም ማለት ይቻላል። ከዛሬዎቹ አንዱን ምረጡ። ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ ከነአባት ስሙ፣ ከነቀኑ፣ ከነቦታው ጽፋችሁ አሳትሙት፤ አንድ ቅጂ ለትልቋ አክስት፣ አንድ ለእናንተ። ፎቶ አንሺውንም አትርሱ። በየቤተሰቡ ሁሌ ካሜራ የሚይዝና በየትኛውም ፎቶ ላይ የሌለ አንድ ሰው አለ፤ ዛሬ ስልኩን ተቀበሉትና እሱ መሀል ይግባ።

መልካም በዓል! ያገኛችሁትን ስም ጻፉልኝ፤ በተለይ የእናታችሁን እናት እናት።