ተመልካች ሁሉ ስፔክቴተር አይደለም

እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ስለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የተዘጋጀ በራሪ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መልስ ተባልኩ። ታሪኩን፣ ጉግሱን፣ የዓድዋ ፈረሶችን መታሰቢያነት ያለ ችግር ጨረስኩ።

ጉዱ የመጣው እርማት ላይ ነው። የተመደቡት አራሚ ስልካቸውን አውጥተው መዝገበ ቃላት ከፈቱ። «ተመልካች ኦዲየንስ ነው። ምን ይሄን ሁሉ ቃል ያስደረድርሃል?» አሉኝ።

ጉግስ ሊያይ ብሎ ሜዳውን የከበበውን ሕዝብ ስፔክቴተር ብዬው ነበር። ኦዲየንስ ሥሩ የላቲኑ «መስማት» ነው፤ ለቴአትር፣ ለኮንሰርት፣ ለንግግር ይሄዳል። ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን የሚያየው ደግሞ ቪወር ነው። ይሄን ብል ማን ሰምቶኝ!

የባሰው የጥንቃቄ ማሳሰቢያው ነው። ፈረስ መስመር ቢስት፣ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴትም ልትጎዳ ትችላለች። እሷ በዓል ልታይ አልመጣችም፤ ነገሩ ካለችበት መጣባት። ባይስታንደር አልኳት። እሳቸው ሰርዘው «ዊትነስ ይሻላል፣ ክብደት አለው» አሉ። ዊትነስ እኮ ምስክር ነው! ቡና አፍይዋን ፍርድ ቤት አቆሟት።

አላፊ አግዳሚውን ደግሞ «ፓሰርስባይ» ብዬ ጽፌ ነበር። የመሃሏን «ስ» በቀይ እስክሪብቶ ነቅለው መጨረሻ ላይ ተከሏት። የእንግሊዝኛው ብዙ ቁጥር ግን ቦታው እዚያው መሃል ነው። እንዲያው ታተመ፤ ከግርጌው ተርጓሚ ተብሎ የሰፈረው ደግሞ የእኔ ስም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

«በአንድ ሰነድ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ» የምትለዋን መመሪያ እኔ ትቻታለሁ፤ እናንተም ተዉአት። ይልቅ ሰውዬው ለምን እዚያ ተገኘ በሉ። ሊያይ አስቦ ከመጣ ስፔክቴተር። አጋጣሚ ከጣለው ባይስታንደር። መኪና ተጋጨ ሲባል ቆሞ የሚያፈጠው ኦንሉከር ነው። እንደ ምርጫ ታዛቢ ልብ ብሎ የሚከታተለው ኦብዘርቨር። ባይስታንደሩም ያየውን ፖሊስ ፊት ከመሰከረ ዊትነስ ይባላል፤ ያኔ ክብደቱም ይገባዋል።

እርማት ሲመጣባችሁ በቃል አትቀበሉ። አራሚው ይፈርምበት፣ ያውም ስማችሁ ከግርጌ ከመግባቱ በፊት።