በ2012ቱ ማክቡክ ፕሮ ላይ ሞንተሬይን ለመጫን የፈጀብኝ አራት ምሽት

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ይዛልኝ የመጣችው ላፕቶፕ በ2012 የተሠራ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ታላቅ እህቷ ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛላት የመጣችው፣ ለዲዛይን ትምህርቷ ያላት ብቸኛ መሣሪያ ነው። “ጋሼ፣ ብሮውዘሩ ከእንግዲህ አልታደስም ብሎኛል፤ አዲስ ማክኦኤስ ልጫን ስል ደግሞ ይህ ኮምፒውተር አይደገፍም ይላል። ጥገና ቤት ብወስደው ማዘርቦርዱ አልቆለታል፣ ሌላ ግዢ አሉኝ” አለችኝ። ማዘርቦርዱ ምንም እንዳልሆነ ለማረጋገጥ አራት ምሽት ፈጅቶብኛል። ያን ያህል የፈጀው ሥራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ የገጠመኝን ችግር ሁሉ “ማሽኑ ስለማይደገፍ ነው” እያልኩ ስላለፍኩት ነው። ከአራቱ እንቅፋቶች ከአለመደገፉ ጋር የሚያያዙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

አፕል ለዚህ ሞዴል በይፋ የፈቀደው የመጨረሻው ማክኦኤስ (የማክ ኮምፒውተሮች ዋና ሲስተም) በ2019 የወጣው ካታሊና ሲሆን፣ ለካታሊና ይሰጥ የነበረው የደኅንነት ማሻሻያም በ2022 ቆሟል። አካሉ ግን ገና ጠንካራ ነው፤ ባለ 2.5 ጊጋኸርዝ ኮር አይ5 ፕሮሰሰርና ዩኤስቢ 3 አለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ዛሬዎቹ ማክቡኮች ሁሉ ነገሩ ከቦርዱ ጋር አልተበየደም። ከሥሩ ያሉትን 10 ብሎኖች በትንሽ ካቻቪቴ የፈታ ሰው ራሙንም ዲስኩንም መቀየር ይችላል። ከብሎኖቹ 3ቱ ከሌሎቹ ስለሚረዝሙ የወጡበትን ቦታ ወረቀት ላይ ነድፎ መያዝ ይጠቅማል። 4 ጊጋባይት የነበረውን ራም ወደ 16 አሳደግሁት፤ እየተሽከረከረ የሚሠራውን ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ አውጥቼም በምትኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገባሁ።

ለሥራው የተጠቀምኩት ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር የተባለውን ፕሮግራም ነው። ዶርታኒያ በሚል ስም የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁትና በነፃ የሚሰራጭ በመሆኑ፣ በገንዘብ እሸጥልሃለሁ የሚል ቢመጣ የሰው ላብ እየሸጠ ነው። ብዙ ሰው “ክራክ የተደረገ ማክኦኤስ” ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ማክኦኤሱ ራሱ በቀጥታ ከአፕል ሰርቨር የሚወርድ ነው። ኦፕንኮር የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ኢኤፍአይ በምትባል ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ማሽኑ ሲበራ ከማክኦኤስ ቀድሞ ይነሣና ማክኦኤስ “ይህን ሞዴል አላውቀውም” ብሎ እንዳይመልሰው መንገዱን ያመቻቻል። ሁለተኛው የፓቸሩ ሥራ መጫኑ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አፕል ከአዲሱ ማክኦኤስ ያስወገዳቸውን የድሮ ድራይቨሮች (ሲስተሙን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባቡ ፋይሎች) መልሶ ሲስተሙ ውስጥ ያስገባል። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ሰው ችግር ሲመጣ የት ላይ እንደቆመ ማወቅ ይቸግረዋል።

እሷ የፈለገችው ከሁሉ አዲሱን ማክኦኤስ ነበር፤ እኔ ግን በ2021 በወጣው ሞንተሬይ ላይ እንድንቆም ወሰንኩ። ምክንያቱ ኤቪኤክስ2 የተባለው የፕሮሰሰር ትእዛዛት ስብስብ ነው። የዚህ ማሽን ፕሮሰሰር አይቪ ብሪጅ ከሚባለው ትውልድ ስለሆነ ኤቪኤክስ2 የለውም፤ በ2022 ከወጣው ቬንቹራ ጀምሮ ደግሞ በኢንቴል ማኮች ላይ የሲስተሙ ላይብረሪዎች ይህንን ይጠይቃሉ። ፓቸሩ ለዚህም መላ አላጣም፤ አፕል ለሮዜታ (የኢንቴል ፕሮግራሞችን በአዲሶቹ የአፕል ፕሮሰሰሮች ላይ ለሚያሠራው) ብሎ ያዘጋጃቸውን፣ ኤቪኤክስ2 የማይጠይቁ ፋይሎች በቦታው ይተካል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም የተማሪ የቤት ሥራ በሚሠራበት ማሽን ላይ ጥገናን በጥገና ላይ መደረብ አልወደድኩም።

የመጀመሪያው እንቅፋት የመጣው ገና ከፍላሹ ስነሣ ነው። ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ኢንስቶለሩን አዘጋጅቼ፣ ኦፕንኮርንም እዚያው ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ የኦፕሽን ቁልፍን ይዤ ማሽኑን ሳበራው የአፕል ምልክት ታየ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን በምልክቱ ቦታ በመስመር የተሰረዘ ክብ ተተካ። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ይህ ክብ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ማክኦኤስ የተነሣው በኦፕንኮር በኩል ሳያልፍ ነው። ፍላሹ ሲሰካ ሁለት ምልክቶች ይታያሉ፣ አንዱ የኢንስቶለሩ ሲሆን ሌላው “ኢኤፍአይ ቡት” የሚለው የኦፕንኮሩ ነው። እኔ ዘበኛውን ሳላናግር ግቢ እንደሚገባ ሰው በቀጥታ ኢንስቶለሩን ነበር የመረጥኩት። መጀመሪያ ኢኤፍአይ ቡት፣ ቀጥሎ በሚመጣው የኦፕንኮር ዝርዝር ላይ ኢንስቶለሩ፣ ይህ ነው ቅደም ተከተሉ። መጫኑ ከተጀመረ በኋላም ማሽኑ ደጋግሞ ይጠፋና ይነሣል፤ በየጊዜው በኦፕንኮር በኩል ማለፍ ግድ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ዳግም ማስነሣት በኋላ መመረጥ ያለበት “ማክኦኤስ ኢንስቶለር” የሚለው ነው እንጂ ፍላሹ ላይ ያለው “ኢንስቶል ማክኦኤስ ሞንተሬይ” አይደለም። የኋለኛውን የመረጠ ሰው ሥራውን በየጊዜው ከሀ ይጀምራል።

ሁለተኛው ሌሊቴን አቃጠለው። በዲስክ ዩቲሊቲ ዲስኩን ከነሥሩ አጥፍቼ፣ ኤፒኤፍኤስ በሚባለው የአፕል አሠራር ፎርማት ካደረግሁ በኋላ “ቀጥል” ስል፣ ይህ የማክኦኤስ ቅጂ ስለተበላሸ ሊጫን አይችልም የሚል መልእክት መጣ። እንደ ቃሉ አመንኩት። 12 ጊጋባይት የሚሆነውን ፋይል በሌሊት ጥቅል እንደገና አወረድኩ፤ መልእክቱ ያው። ፍላሽ ተበደርኩ፤ ያው። በመጨረሻ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ተርሚናል ከፍቼ “ዴት” ብዬ ስጠይቀው ማሽኑ የቆመው ጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ላይ ነው። ባትሪው ሞቶ ስለነበርና እኔም ራሙን ስቀይር ስለነቀልኩት ሰዓቱን የሚይዝለት ነገር አልነበረም። ኢንስቶለሩ የሚፈተሸው በዲጂታል ፊርማ ሲሆን፣ ፊርማው የሚጸናበት ጊዜ አለው፤ 2001 ላይ ለቆመ ማሽን ከ20 ዓመት በኋላ የተፈረመ ፋይል ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ “ዴት” ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃና ዓመት በሁለት በሁለት አኃዝ ተገጥመው ይጻፋሉ። ኦገስት 9 ቀን 2025 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቢሆን 0809153025 ማለት ነው። ልማድ አሸንፎኝ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር 09 ብዬ ጽፌው ነበር፤ የሚፈለገው ቀኑ ስለሆነ ግን የስድስቱ ሰዓት ልዩነት ጉዳት አላደረሰም። መልእክቱ ጠፋ፣ መጫኑም ጀመረ። ባትሪ በሌለው ማሽን ላይ መብራት ቢጠፋ ሁሉም ነገር ገደል ስለሚገባ ከጎረቤት ዩፒኤስ ለምኜ ነበር የሠራሁት።

ሦስተኛው የሁሉም የከፋው ነው። መጫኑ “12 ደቂቃ ይቀራል” እስከሚለው ደረሰና እዚያው ቀረ። አንቀላፍቼ ጠዋት ብነሣ አሁንም 12 ደቂቃ ይቀራል። ደግሜ ስሞክር ደግሞ 29 ላይ ቆመ፤ በሦስተኛው ሙከራ ጭራሽ ኤስኤስዲው ከዲስክ ዩቲሊቲ ዝርዝር ውስጥ ጠፋ። የነቃሁት የሚቆምበት ቦታ በመለያየቱ ነው። የተበላሸ ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚያው በወደቀበት ቦታ ነው፤ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚወድቅ ነገር ወደ ዕቃ ይጠቁማል። ኮማንድንና ቪን ይዤ በጽሑፍ እንዲነሣ አደረግሁት፤ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ከሚወርዱት ነጭ መስመሮች መካከል “ዲስክ0” እና “አይ/ኦ ኤረር” የሚሉ ቃላት ደጋግመው ይመጣሉ። ማሽኑ ዲስኩን ይጠራል፣ ዲስኩ አንዳንዴ ይመልሳል አንዳንዴ ዝም ይላል ማለት ነው።

አዲሱን ኤስኤስዲ ልመልስና ገንዘቤን ልቀበል ተነሥቼ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ኤስኤስዲውን ከውስጥ አውጥቼ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ አድርጌ ከውጭ ሰካሁትና በዚያው ፍላሽ፣ በዚያው ኦፕንኮር እንደገና ጫንኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። የተቀየረው ዲስኩና ቦርዱ የሚገናኙበት መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ጥፋተኛው ዲስኩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ሆነ። በዚህ ሞዴል ላይ ይህ ኬብል በደካማነቱ የታወቀ ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ከዲስኩ ሥር አልፎ ሁለት ቦታ የሚታጠፍና ከአልሙኒየሙ አካል ጋር የሚፋተግ ነገር ነው። ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የድሮው ዲስክ ቀርፋፋ በመሆኑ በተጎዳ ኬብልም እያነከሰ መሥራቱ ነው፤ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ሲገባ ጉዳቱ ይጋለጣል። ጥገና ቤቱ ማዘርቦርዱ ሞቷል ያለውም ዲስክ ሲጠፋበት አይቶ ሳይሆን አይቀርም። ኬብል የሚገዛ ሰው በላዩ የታተመው ቁጥር 821-2049 መሆኑን ይመልከት፤ የ2011ዱ መልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም ሌላ ነው። እኔ አዲሱን ከመግጠሜ በፊት አልሙኒየሙ ላይ ናስትሮ ለጠፍኩበት።

ከዚህ በኋላ የቀረው አራተኛው እንቅፋት ቀላል ነበር። ሞንተሬይ ሲከፈት መስኮቶቹ እየተንገጫገጩ ነበር የሚንቀሳቀሱት፣ የስክሪኑ ብርሃንም አይጨምርም አይቀንስም። በዚህ ማሽን ላይ ያለው ኢንቴል ኤችዲ 4000 ግራፊክስ ድራይቨሩ ከሞንተሬይ ስለወጣ የሚጠበቅ ነው። ፓቸሩን ከፍቶ ድራይቨሮቹን የሚመልሰውን “ፖስት ኢንስቶል ሩት ፓች” የሚለውን መጫንና ማሽኑን ዳግም ማስነሣት ይበቃል። ኦፕንኮርንም ከፍላሹ ወደ ውስጡ ዲስክ መጫን አይረሳ።

ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ እሷም አውቃ እንድትገባበት ነግሬያታለሁ። ከሞንተሬይ በፊት ከነበረው ከቢግ ሰር ጀምሮ ማክኦኤስ የሲስተም ክፍሉን በፊርማ ያሽገዋል፤ ሩት ፓች ያንን ማኅተም ይሰብረዋል፣ ከጥበቃውም የተወሰነው ይላላል። ስለዚህ ትንሹም ማሻሻያ ሙሉውን ፋይል ያወርዳል፣ ፓቹም በየጊዜው እንደገና መጫን አለበት፤ አውቶማቲክ ማሻሻያውን ያጠፋሁት ለዚህ ነው። ሞንተሬይ ራሱ የመጨረሻውን የደኅንነት ማሻሻያ ያገኘው በጁላይ 2024 ስለሆነ የባንክ ጉዳይዋን በስልኳ እንድትጨርስ፣ በላፕቶፑ ላይ ደግሞ አሁንም የሚታደስ ብሮውዘር ብቻ እንድትጠቀም ተስማምተናል። አፕል በ2025 ያወጣው ታሆ የተባለው ማክኦኤስ ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው እንደሚሆን ስላስታወቀ ይህ መንገድ ራሱ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። “ጋሼ፣ ያ የተሰረዘው ክብ ተመልሶ መጣ!” ቪዲዮ አይታ ኤንቪራሙን (ማሽኑ ከየት እንደሚነሣ የሚያስታውስበትን ትንሽ ማኅደር) አጽድታው ኖሯል፤ ማሽኑ ከኦፕንኮር መነሣት እንዳለበት ረስቶታል። ኦፕሽንን ይዛ እንድታበራው፣ ኢኤፍአይ ቡት ላይ ስትደርስ ኮንትሮልን ሳትለቅ ኤንተር እንድትመታ ነገርኳት፤ ኮንትሮሉ ምርጫውን ቋሚ ያደርገዋል። ስልኩን ሳልዘጋ ማሽኑ ተነሣ።