የመኳንንት አገር መስሎኝ

ዛሬ ኢንተርስቴት 90 አውራ ጎዳና ላይ ጎማ ፈነዳብኝና ዎርዚንግተን፣ ሚኒሶታ ቆምኩ። ጎሚስታው ሽማግሌ ናቸው፣ የማይቸኩሉ ዓይነት። ግድግዳው ላይ "ኖብልስ ካውንቲ" የሚል ጽሑፍ አየሁና (ካውንቲ እንደኛ አውራጃ በሉት) "እዚህ መኳንንት ነበሩ እንዴ?" አልኳቸው። ቃሉ በእንግሊዝኛ መኳንንት ማለት ነዋ፣ ለኔ ደጃዝማችና ፊታውራሪ ነው የታየኝ 😄

ከት ብለው ሳቁ። መፍቻውን አስቀመጡና አቧራ በለበሰው ጎማዬ ላይ በጣታቸው ረጅም መስመር ጎተቱ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። "ይሄ መንገድ ነው" አሉ። ዊልያም ኖብልስ የሰው ስም ነው ለካ። የሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበር፣ ሚኒሶታ ካለው የጦር ሰፈር ከፎርት ሪጅሊ ተነስቶ በምዕራብ በኩል ዋዮሚንግ እስካለው የተራራ መተላለፊያ እስከ ሳውዝ ፓስ የሚዘልቅ የሠረገላ መንገድ ለማውጣት የወጣውን ቡድን የመራ ሰው። ካውንቲው በ1857 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ስሙ ተሰጠው። መኳንንት ስል የመንገድ ሰው ሆኖ አረፈው፣ እንደኔው!

ወደ ደቡብ ስትሻገር አይዋ ውስጥ ኦሲዮላ ካውንቲ አለ። ኦሲዮላ ሴሚኖል የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሪ ነው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ መሬቴን አልለቅም ብሎ የተዋጋ። በ1838 ሳውዝ ካሮላይና እስር ላይ እያለ ሞተ። በ1851 አይዋ ውስጥ ስሙን ለካውንቲ ሰጡለት፣ እሱ ካልኖረበት አገር። መሬቱን ነጥቆ ስሙን ማክበር ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ ያቺ መስመር ጎማው ላይ ነበረች። አይዋ ስደርስ ጠፍታለች።